ስለ ስልኩና ስለ ጭፈራው

ለእህቴ ልጅ፣

ክረምቱ ክፉ ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ። ለምርምርሽ ድጋፍ ፍለጋ የላክሽው ማመልከቻ ሁሉ እየተመለሰ መጣ። እህል አስጠላሽ።

ያን ሰሞን «ተይው፣ ሥራ ፈልጊ፤ ለምድር ትል ጥናት ማን ገንዘብ ያወጣል?» አልኩሽ። «አጎቴ፣ ባገኝስ?» አልሽኝ። «ካገኘሽ ግቢው መሃል እጨፍራለሁ» አልኩ። በሠርጌ ቀን እንኳ ያልጨፈርኩ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ።

ዛሬ ስልክሽን ቻርጅ ላይ ረስተሽው ሄድሽ። ደጋግሞ ሲጮህብኝ አነሳሁት። የስኮላርሺፕ ቢሮዋ ሴትዮ ናት። «አልፋለች፤ እስክትጨርስ ሙሉ ወጪዋን እንሸፍናለን» አለችኝ።
«ለትሎቹ?»
«አዎ አባባ፣ ለትሎቹ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ተዘግቶም ሳቄ አልቆመም።

አሁን ስሚኝ። ቢሮው ሳይዘጋ ደውለሽ መቀበልሽን ንገሪያቸው። ስልክሽ ትራስሽ ላይ ነው።
ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ። ዛሬ ትበያለሽ።
የትሎቹን ባልዲ ከደጅ አንስቼ ሳሎን አስገብቼዋለሁ። ከእንግዲህ ውጭ አያድርም።
ስለዚያ ስለ ሌላው ነገር፣ ስለ ቃሌ፣ ግን አልጽፍም።

እኔ ወደ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው። አትደንግጪ፤ ቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ዞሯል እንጂ ሌላ አልሆንኩም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ታክሲ አስቁማ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ እርስዎ ጎረምሳ!» እያለች ትጮህብኛለች።
ካላመንሽኝ እሷን ጠይቂ። መስኮቷ ላይ ቆማ እስክወድቅ ድረስ አጨብጭባልኛለች።

ዕዳዬን ከፍያለሁ።