የበርጩማው ሙጫ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ

ባለቤቴ አልማዝ ከወደቀች ወዲህ ቆማ መታጠብ ትፈራለች። ስለዚህ ቃጫ ደራርቤ፣ በጥድ ሙጫና በተልባ ዘይት እያጠነከርኩ ተቀምጣ የምትታጠብበት በርጩማ ጀመርኩላት። እያንዳንዱ ንብርብር እስኪደርቅ ታግሼ እግሮቹን ሠራሁ። ለቅሶ በሄድኩበት ቀን ግን መቀመጫውን ጎረቤታችን በቀለ ጨረሰልኝ።

ዛሬ ከበቀለ ጋር ኦሎምፒያ ታክሲ ስንጠብቅ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ሙጫ አልቆብኝ እኮ ከሱቅ ገዛሁ። ማለቴ፣ እሱ በውሃ ነው የሚሟሟው፤ ዘይት ምናምን የለበትም!» አለኝ።

የግራር ሙጫ ነዋ! «በቀለ፣ መታጠቢያ ቤት ነው እኮ የሚገባው» አልኩት።

«ሙጫ ያው ሙጫ ነው፣ ጋሼ!»

ለአልማዝ ነገርኳት፤ ሳልፈትነው እንዳትቀመጥበትም ለመንኳት። «ዕድሜህን ተማሪ ስትፈትን ኖረህ አሁን ደግሞ በርጩማ? ነገ እታጠብበታለሁ፤ በቃ!» አለች። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ደፍራ አታውቅም፤ መከልከል አቃተኝ።

ሙጫው ይሟሟ እንደሆነ ለማየት እርጥብ ጨርቅ መቀመጫው ላይ ጣል አድርጌ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ጨርቁን እያነሳሁ መቀመጫውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ይለጠፋል። ጣቴን ጠርጌ እንደገና እጫነዋለሁ። የሚለጠፈው ሙጫው ይሁን የእጄ ላብ መለየት አልቻልኩም።