ለአሥራ ሁለቱ ጤነኛ ሕሙማን አስቀጣሪ

ለክቡር አቶ ተስፋሚካኤል
የ«ብሩህ እጆች» የሥራ ማገናኛ ፕሮጀክት ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ስለ መስጠት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የሰሞኑ ውርጭ ጉልበትዎን ሳይዳፈር እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ወንበርዎ፣ ደኅና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ራስዎ ያነሡት ጥያቄ ነው። ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ከቢሮዎ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ለጸሐፊዎ «እብዱ ሥራ ከያዘ ጤነኛው ምን ሊሠራ ነው እንግዲህ?» ሲሏት ሰማሁ። እርሷ ሳቀች እንጂ አልመለሰችልዎትም። ኃላፊ ጠይቆ መልስ ሲያጣ እያዩ ዝም ማለት ነውር ስለመሰለኝ፣ ከዚያን ቀን አንሥቶ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት አግዳሚው ላይ እየተመላለስኩ ጤነኛው ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አጥንቻለሁ።

አግዳሚው ላይ ምን አስቀመጠህ ቢሉኝ፣ ይሁኔን ይዤ ነው። ይሁኔ ከጎረቤላ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ መሸመን ከአባቱ የተማረ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አእምሮውን ክፉኛ ታሞ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ እየተሰማው ብዙ ተንከራቷል። ዛሬ በየወሩ መርፌውን እየተወጋ ደኅና ውሎ ያድራል፤ የሚሰማው እንግዳ ድምፅ ቢኖር «ነገ ተመለስ» የሚለው የቢሮዎ ብቻ ነው። ፕሮጀክትዎ ደግሞ እንደ እርሱ ላሉ ሰዎች ከአንድ የብርድ ልብስ ማምረቻ አሥራ ሁለት የሥራ ቦታ አስፈቅዷል። አሥራ ሁለት ቦታና አንድ ሸማኔ፤ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የጥናቴን ውጤት በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ጤነኛው ወረቀት ያስመጣል። ቦታው ለሕሙማን ነውና ይሁኔ መታመሙን የሚገልጽ ማስረጃ ከሐኪም እንዲያመጣ ታዘዘ፤ አመጣ። ቀጥሎ ማሽን ለሕመምተኛ አይሰጥምና ጤነኛ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያመጣ ታዘዘ፤ ሐኪሙ በረጅሙ ተንፍሶ እርሱንም ጻፈለት። የቅጥር ኮሚቴዎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመከረ በኋላ «ማስረጃዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ» ጉዳዩን አገደው። ሁለቱም ወረቀት እውነት መሆናቸውን፣ ሁለቱንም ያዘዙት እርስዎ መሆንዎን ላስታውስዎ ብል ድፍረት ይሆንብኛል።

2ኛ. ጤነኛው ይጠራጠራል። አንድ የኮሚቴ አባልዎ ይሁኔ ጠበል ተጠምቆ መጨረሱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጠየቁ። እስከ ጎረቤላ በመኪና፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር ወርደን፣ ሲያጠምቁ ዕድሜያቸውን የፈጁትን መምሬ ወልደ ሰንበትን አገኘናቸው። «ልጄ፣ ጠበል ደረሰኝ አይቆርጥም፤ መርፌህንም እንዳታቋርጥ፣ እርሱም ከእግዜር ነው» ብለው መርቀው ሸኙን። ምርቃቱን ለኮሚቴው በቃል አቀረብን፤ ማኅተም የለውም ተብሎ ተመለሰ።

3ኛ. ጤነኛው ዋስ ይጠራል። ከሌላው ሠራተኛ ዋስ የሚጠየቀው ንብረት እንዳይጠፋ ነው፤ ከይሁኔ የተጠየቀው ግን «ለወደፊቱ እንዳያመው» የሚዋስ ሰው ነበር። እኔ ፈረምኩ። እርስዎ ወደፊት ጉንፋን እንዳይዝዎ የተዋሰልዎ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብጓጓም፣ ይህን በአደባባይ መጠየቅ ጨዋነት አይደለም።

4ኛ. ጤነኛው ይታመማል። ይህን ግኝት መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ለክብርዎ ብዬ ነው። ኅዳር ሃያ ቀን «ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተቀጣሪዎች» የሚል ባለ ማኅተም ዝርዝር ከበርዎ ላይ ተለጠፈ። በከተማ ቤት ተከራይቶ ሥራ ለመጠበቅ የአባቱን መሸመኛ የሸጠው ይሁኔ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛ ገጽ ይኖረው ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለተኛ ገጽ አልነበረውም። በተራ ቁጥር ሦስት ላይ ግን የባለቤትዎን ወንድም አብርሃምን አገኘሁት።

አብርሃምን በዕድር ጸሐፊነቴ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እስከዚያ ቀን ያየሁበት ብቸኛ የሕመም ምልክት፣ ድንኳን ተከላ ሲባል የሚነሣበት የወገብ ቁርጥማት ነበር። ከቀሩት አሥራ አንዱም ስምንቱን በስም፣ ሦስቱን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም የኮሚቴዎ ዘመዶች ናቸው፣ አንዳቸውም ታመው አያውቁም። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በኮሚቴ ቤተሰብ ላይ ብቻ ሲወርድ አይቶ የማያዝን ማን ነው?

የታመመ መጠየቅ ወጋችን ነውና የዕድሩን ሰው አስከትዬ አብርሃምን ልጠይቅ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ «ምን ሆነ ልጄ?» ብለው ሲደነግጡ፣ ከዝርዝሩ የገለበጥኩትን በፍጹም ሐዘኔታ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤታቸው አልጠፋም፤ ጠበል በጀሪካን ያመጣም አለ።

በማግሥቱ ደግሞ፣ ለጥር የታሰበው የአብርሃም ሠርግ ነገር ሆኖ፣ የሙሽራይቱ አጎቶች ከሰላ ድንጋይ መጡ። እንደ አገሩ ልማድ ልጅ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ጎራ ብለው «ከዘሩ ይህ ሕመም ያለበት አለ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ሐኪም እንዳልሆንኩ፣ የሚያውቀው ቢሮ ግን ጽፎ እንደለጠፈ ነግሬ ወደ በርዎ መራኋቸው። ትልቁ አጎት መነጽራቸውን አድርገው ተራ ቁጥር ሦስትን አነበቡ፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አዩ፣ ከዚያም ከንፈራቸውን መጠጡ። የከሰዓቱን መኪና አልጠበቁም። በማኅተምዎ ላይ ይህን ያህል እምነት ያለው ሰው በማግኘትዎ እንኳን ደስ ያለዎ።

አሁን ለአብርሃም የጤነኝነት ወረቀት ለማውጣት ላይ ታች እያሉ መሆኑን ሰምቻለሁ። በወንድማዊ ምክር፣ ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ እንዳያቀርቡ፤ ኮሚቴዎ ይጋጫሉ ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ጤነኛው የሚሠራው ይህን ነው። ጥያቄዎ ሳይመለስ እንቅልፍ ነሥቶዎት ከነበረ እንግዲህ ይረፉ።

ለአግዳሚው፣ ለረጅም ትምህርትዎና ማንንም ሳይለዩ «ነገ» ስለማለትዎ እያመሰገንኩ፣ በአሥራ ዘጠኝ ጠዋት ያጠራቀምኩትን አክብሮት አንድም ሳላስቀር ከደጅዎ አራግፌ እሰናበታለሁ።

ብዙአየሁ ወልደአረጋይ
የዕድር ጸሐፊ፣ የይሁኔም ዋስ
ታኅሣሥ 9 ቀን

ግልባጭ፦
ለፕሮጀክቱ ለጋሾች
ለዕድራችን አባላት በሙሉ
ለሰላ ድንጋይ ሽማግሌዎች (ለማመሳከሪያ)
ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና በየመናኸሪያው ላሉ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ አብርሃም በድንገት ድኖ ቦታው ክፍት ቢሆን፣ ይሁኔን ለመጥራት አይቸገሩ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ደብረ ሲና፣ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ሥራ ይዟል። ወረቀትም ዋስም አልጠየቁትም፤ ማልዶ ይገባል፣ አሠሪውም ወዶታል። ስለ ሕመሙ ለአሠሪው አልነገረውም።