አሥራ ሁለት መቶዋ ትሻለናለች

አዋሽ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለከድሩ
አሰብ

አሰላሙ አለይኩም የቤቴ አባወራ። ያንተን ጤና ከአላህ እየለመንኩ የኛን ልንገርህ፤ እኔም ልጃችን ሀምዳም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሀምዳ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀውላት ስትስቅ ምላሷ ይታያል። ምግብ ቤቱም ይሠራል። ሹፌሮቹ ዛሬም “ወጡ ጨው በዛበት” እያሉ እንጀራ ያስጨምራሉ።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። “ሁለት የሚሸጡ ላዳዎች አግኝቻለሁ፣ አንዷ ባለ 1200 ሞተር፣ አንዷ ባለ 1500፣ የትኛዋን ልግዛልሽ፣ ወንድሜ ረዲ ነድቶ ያመጣልሻል” ብለሃል። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሞተር ጽፈህ፣ አንተ መቼ እንደምትመጣ አንድ መስመር የለም። ከሄድክ አራት ወር ሆነህ እኮ! እኔ የምፈልገው ያንን መስመር ነው።

ግን ጠይቀሃልና ስለ ሞተሩ ልመልስ። “አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ” እንዳትለኝ፣ ከመጠየቅህ በፊት ሁለቱንም ዓይነት እዚሁ ሞክሬያለሁ።

የሞከርኳት ባለ 1500 የአቶ ጉልላት ናት፤ ያ የዱብቲ ጥጥ እርሻ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ ሲመላለስ እኛ ጋ የሚበላው። በየካቲት እህቴን ልጠይቅ ዱብቲ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ኧረ ስትሄድ! ነዳጁን ረገጥ ሲያደርገው መንገዱ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። ሎጊያን አልፈን የሰመራ ሜዳ ላይ ያ የሌለ ውሃ፣ ቀትር የሚሠራው ሐይቅ፣ ከፊታችን ተኝቶ ነበር። ሞተሩ ዝግ ባለ ድምፅ ሲያንጎራጉር ዓይኔ ከደን አለ። በሰመመኔ መሪውን የያዝከው አንተ ነህ፤ ክንድህ በመስኮት ወጥቷል፤ ሀምዳ ከኋላ ትዘፍናለች፤ ውሃው ላይ እንሄዳለን፣ ግን አንሰጥምም። ያ ውሃ እንዳያልቅ እየለመንኩ ነበር። ስነቃ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ኖሯል፣ አቶ ጉልላት እስከ ዱብቲ ሳቀብኝ።

ጥፋቴ ስንመለስ ነው። አዋሽ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ ወተት የሚያመጣልኝ ሁሜድ መንገድ ዳር ቆሞ በትሩን አነሳ። ዳጉ እንዳለው ገባኝ። አፋር ወሬ ይዞ ሲያስቆምህ ቆመህ የሰማኸውን ትሰጠዋለህ፣ የሰማውን ትቀበለዋለህ። አንተማ ከባድ መኪናህን ከነጭነቱ ይዘህ ትቆምላቸው ነበር። እኔ ግን ነፋሱ ጣፍጦኝ “ቁም” ሳልል፣ በመስኮት እጄን አውለብልቤ አለፍኩት።

በማግስቱ ወተቱን ይዞ መጣ፣ ግን በሩ ላይ ቆመ።

“ኡሙሀኒ፣ መኪና የተቀመጠ ሰው ጆሮ የለውም?”

“ይቅር በለኝ ሁሜድ፣ መኪናዋ ፈጥናብኝ ነው” አልኩት።

“መኪናዋ ትፍጠን። ወሬው ግን ያንቺ ነበር። ከአሰብ በኩል፣ ከቡሬ ጀምሮ ሰው ለሰው እያቀበለ ያመጣው ነው። አንቺ ስታልፊ አደራውን ተሸክሜ አደርኩ።”

ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና እንደ ደንባቸው ከመነሻው ነገረኝ። ወደብ ላይ ተሳቢ ሲቀጠል ቀኝ እግርህን እንደያዘው፣ ሐኪሞቹ ከጉልበት በታች እንደቆረጡት፣ ቁስሉ እየደረቀ እንደሆነ፣ ምግብ እንደምትበላ። እንደማትስቅም ጭምር ነገረኝ።

ያን ቀን ቀበሌ ሄጄ ወደ አሰብ የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ። “ነገ ነይ” አሉኝ፤ ነገውም ሌላ ነገ ወለደ። ካንተ የመጡት ሁለት ደብዳቤዎች ደግሞ “ሥራ በዝቶብኝ ነው” ይላሉ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ የሀምዳን መምህር ጥጋቡን “መንዳት አስተምረኝ” አልኩት።

የሱ መኪና ባለ 1200 ናት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ነው የጀመርነው። ፍሪሲዮኑን በግራ እግሬ ስለቅ ሞተሯ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ፤ ፍየሎቹ እንኳ ቆመው አዩኝ። ነዳጁም ፍሬኑም የቀኝ እግር ሥራ ነው ሲለኝ ግን መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የፈራሁ መስሎት “አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ” አለኝ።

አሁን ለመድኩ። ባለፈው ሰኞ ናዝሬት ተፈትኜ መንጃ ፈቃዴን ይዣለሁ። ስለዚህ እንደ ሹፌር ልንገርህ፤ አሥራ ሁለት መቶዋ አምስት ሰው ስትጭን አቀበት ላይ ታቃስታለች፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብተህ ታባብላታለህ። ሌላውን መኪና መቅደም ብዙም አይሆንላትም። ግን ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ጥቂት ጠጥታ ብዙ ትሄዳለች። ለገበያ፣ ለሐኪም ቤት፣ ሀምዳን ትምህርት ቤት ለማድረስ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? ደግሞም በትሩን ላነሳ ሰው ለመቆም ትደርሳለች። እሷን ግዛ።

ረዲ ግን እንዳይነዳት። መኪና ልከህልኝ ራስህን ልታስቀር ነው፣ አውቄብሃለሁ። አንተ የሌለህባት መኪና ደጄ ብትቆም ዶሮ ይስፈርባት እንጂ በሯን አልከፍትም። ተቆጥቻለሁ ከድሩ፣ ናፍቀኸኛልም። የይለፍ ወረቀቱ ትናንት ተሰጠኝ። የፊታችን ረቡዕ በጭነት መኪና ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ ሀምዳ እህቴ ጋ ትቆያለች። ስንመለስ መሪውን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ከጎኔ ሆነህ “ማርሽ ቀይሪ” እያልክ ትነዘንዘኛለህ።

አላህ ቁስልህን ያድርቅልህ፣ ልብህንም ያስፋልህ። እስክደርስ ሶላትህንም ምግብህንም አታጓድል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የእግርህን ነገር ከቡሬ እስከ አዋሽ ግመል የሚነዳ ሁሉ ሰምቶታል፣ ካንተ አፍ ያልሰማሁት እኔ ሚስትህ ነኝ። ስደርስ ከመነሻው ጀምረህ ንገረኝ። ይህን ደብዳቤ እንዳልጻፍኩ ሆኜ እሰማሃለሁ።

ያንተው ኡሙሀኒ