አሸዋህን ከበር የመለስኩት ለዚህ ነው

ለውድ ወንድሜ ለአርሴኒዮ፣

እንደምን ከረምክልኝ? የዶሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የላክሁልህን ቅባት ትቀባዋለህ ወይስ ሻንጣህ ውስጥ ተኝቷል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን ደህና ነው፣ ሁላችንንም እንደ ድሮው ትቆጣናለች። ልጆችህም ጫማ እየጠበባቸው ነው።

አሁን ከኔ አፍ እንድትሰማው የፈለግሁት ነገር አለ። ሚስትህን ሊዋይዋይን፣ እኔ ራሴ እስክጽፍለት እንዳትነግሪው ብዬ ለምኛታለሁ። ባለፈው ወር ለምታሠራው ቤት የመጣውን አሸዋ ከመንገዳችን በር የመለስኩት እኔ ነኝ። ቅር ሳይልህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

መንገዳችን ማዘጋጃ ቤት የማይነካው የአሥራ ስምንት ቤቶቻችን የጋራ ንብረት መሆኑን ታውቃለህ፤ ሲሰበር የምንጠግነው እኛው ነን። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ በየገልባጭ መኪናው ለመንገዱ ይከፍላል፣ ከባድ ጭነትም አያስገባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔው የነዋሪዎቹ ሊቀመንበር ነኝ። ያንተ ቤት ሲጀመር ግን በሩን የሚጠብቀው ዘበኛችን በርቲንግ «የእትዬ ሮዘንዳ ወንድም ነው» እያለ ገልባጮችህን ሳያስከፍል፣ ጭነታቸውንም ሳያይ ያሳልፍ ነበር። እኔም አልጠየቅሁም። ጎረቤቱ ደግሞ ግማሹን ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ይሉኝታ ይዞት ትንፍሽ አላለም። ሰላምታቸው ሲያጥር አይቼ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ጠዋት ከማንጎው ዛፍ ሥር ስደርስ መጨረሻው ቤት የሚኖሩትን ጋሼ ዶሮቴዮን ሁለቱ አማቾቻቸው በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመዋቸው አየሁ። እዚያ ጋ ኮንክሪቱ ከገልባጮችህ ክብደት ተሰብሮ ሰምጧል። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስቴ የምትወስዳቸው ባለሦስት እግር ሞተር ማለፍ አቅቷት ከወዲያ ቆማለች። ምን ሆነው ነው ብላቸው፣ «ምንም አልሆንኩ፤ የቅዱስ ምስል የምንሸከምበት የሜይ ሰልፍ ቀድሞ ገብቶ ነው። ቅዱሱ እኔ ነኝ፣ አበባ በትኚ እንጂ» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ልጃቸው ኮራሶን ግን መሬት መሬት እያየች «እትዬ፣ ዝናብ ከገባ በወንበርም አይሆንም። ያኔ እጥበቱ ቢያልፋቸውስ?» አለችኝ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ያንተ ገልባጭ መጣ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እትዬ፣ የራስሽ ወንድም አሸዋ እኮ ነው» አለኝ። ለዚህ ነው የምመልሰው አልኩት። «ሰው ይስቅብሻል» ሲለኝ፣ ከኋላዬ ሲስቅ ከርሟል፣ አሁን በፊቴ ይሳቅ አልኩት።

ሊዋይዋይ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አልፈርድባትም፤ ዝናብ ሳይቀድም ጣሪያው ካልተመታ ልጆቿን ይዛ ሌላ ዓመት ከኔ ጋር ልትጋፋ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነዋሪውን ሰብስቤ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ጎረቤታችን እትዬ ፓሲንግ ማራገቢያዋን ጠቅ አድርጋ ዘጋችና «ተመስገን፣ አምስት ወር ሙሉ በሆዴ ስቆጣሽ ጨጓራዬ አለቀ» አለች። ከዚያ በኋላማ ሁሉም ተናገረ። ትልልቆቹ መኪኖች በር ላይ እንዲያራግፉ፣ ከዚያ ትንሽ መኪና ግማሽ ግማሽ እየጫነች መንገዱ ደረቅ ሲሆን ብቻ እንድታመላልስ ተስማማን። የተሰበረውን ደግሞ እኛ እንድንሠራ። እኛ ስል አንተ ማለቴ ነው። ለቤትህ የብረት በር የላክኸውን ገንዘብ ሳልጠይቅህ ለኮንክሪቱ ከፈልኩት። በሩ ይቆያል፤ ጣሪያውና ጋሼ ዶሮቴዮ ግን አይቆዩም።

በቀጣዩ ቅዳሜ፣ መንገዱ እስኪጠገን በር ላይ የተራገፈውን ብሎኬት ማን ያጓጉዘው ስል ሰዉ ጓንት አድርጎ መጣ። ፊተኛው በርቲንግ ነበር፣ አፍሮ ቀና አላለም። ከበር እስከ ቤትህ ተሰልፈው እየተቀባበሉ እስከ ምሳ ጨረሱት። እትዬ ፓሲንግ የፓንሲት ኑድል ሠርታ አበላችን፣ «ለብሎኬቱ ነው እንጂ ለሮዘንዳ አይደለም» እያለች። ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮው ባለፈው ማክሰኞ ተመታ። ሊዋይዋይም ታርቃኛለች፤ ጨው እንኳ ታቀብለኛለች።

አዲሱን ኮንክሪት በጆንያ ሸፍነን ሳምንት ሙሉ በየተራ ውሃ አጠጣነው። የእማዬ ውሻ እርጥብ ሳለ ሄዶበት የአራት እግሩን ምልክት ትቶበታል፣ እሷም አይጠገን ብላለች። ዛሬ ጠዋት ጆንያው ሲነሳ የጋሼ ዶሮቴዮ ሞተር መጀመሪያ አለፈች። እሳቸውም እንደ ጳጳስ እጃቸውን አንስተው ባረኩን።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ሊዋይዋይ ናፍቃሃለች፤ በበሩ ፈንታ የቀርከሃ መዝጊያ አስራበታለች፣ አያምርም ግን ይዘጋል። ልጆችህ በአዲሱ መንገድ ብስክሌት ይነዳሉ። በርቲንግ ይቅርታ ይለምንሃል። አብረውህ የሚያድሩትን ወንድሞች ሁሉ ሰላም በልልኝ። ጋሼ ዶሮቴዮ ደግሞ «ዲሴምበር መጥቶ በሩን ሲያስገባ የምመርቅለት እኔ ነኝ፤ እስከዚያ እጠብቀዋለሁ» ብለውሃል።

እህትህ ሮዘንዳ
አንቲፖሎ፣ ሜይ 11 ቀን 2019