የነስሮ ስንቅ

ውድ እህቴ ዋፊቃ፣ አሰላሙ አለይኩም። ባለሽበት አላህ ይጠብቅሽ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ፈላና በር የጨርቅ ገበያው ብቻ ቀዝቅዟል።

የሠራተኛ ማኅበር አቋቋምክ ተብሎ ለታሰረው ወንድማችን ለነስሮ በየቀኑ ስንቅ አደርሳለሁ። የውጭ መንግሥታት ይፈታ ብለው ከጻፉ ወዲህ ግን እሱን ማየት ተከልክሏል። ፖሊሱ ባዶውን ሳህን እየመለሰ፣ «በልቷል ጋሼ፤ ነገ ሥጋ ጨመር አድርጉበት» ይለኛል።

ትናንት የባሚያ ወጥ ወሰድኩ። ነስሮ ከልጅነቱ ጀምሮ ባሚያ ሲሸተው ተጸይፎ ከቤት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ሳህኑ ተጠርጎ ተመለሰ። ለእናታችን በልቷል አልኳት፤ ደስ አላት።

ስሙን እዚያ ውጭ አገር አታንሺ ብዬሽ ነበር። አሁን በየሬዲዮው፣ በየስብሰባው ጮክ ብለሽ አንሺው። ዛሬውኑ ጀምሪ።

አላህ ሦስታችንንም በአንድ ማዕድ ያገናኘን።

ወንድምሽ ሙሳ፣ ከጀጎል