ጥምጣም የጠመጠሙት ሽማግሌ

ዲር ፓርክ፣ ሜልበርን
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑሀሚን ልጄ ታጨች፤ ሽማግሌው ዛሬ ተመልሰው መጡና እሺ አልናቸው። ሰላምታውን ላስቀድም ብል አላስችል አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባለቤትዎ እትዬ በለጥሻቸውስ?

ልጁ ያኔ በስልክ የነገርኩዎት ጉርቴጅ ነው፤ የሕንዶቹ ልጅ። በሃይማኖታቸው ሲኮች ናቸው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነርስ ነው። "እንደ አገራችሁ ወግ ይሁን" ብለው አያቱን ሽማግሌ ላኩ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ከዘራ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። እኔም ደስታዬን ደብቄ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ እንደ ወጋችን "እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ይመለሱ" አልኳቸው።

ለካ ይህን ማንም አልነገራቸውም። ሦስት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። በኋላ የልጁ እናት ፓራምጂት ደውላ "አማቼ እህል አልቀምስ አሉ" አለችኝ። እዚህ አገር እንደመጡ በጥምጣማቸው የተነሳ ቤት የሚያከራያቸው አጥተው ከስንቱ ደጅ ተመልሰዋል። "እነዚህም እንደዚያ አዩኝ" ብለው ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። በማግስቱ ዌሪቢ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ልሄድ ስነሳ ጎረቤቴ እትዬ ዓለምጸሐይ "የሴት ልጅ እናት ሆነሽ ደጅ ልትጠኚ?" ብለው ተቆጡኝ። "አዎ፣ እጠናለሁ" አልኳቸው። ሄጄ የሽማግሌው እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ጉርቴጅ እያስተረጎመ ወጋችንን ሳስረዳቸው፣ "ታዲያ ስንቴ ነው የምመላለሰው? ጉልበቴ እኮ አርጅቷል" አሉ። ሳቅንም፣ አለቀስንም።

ዛሬ እንደተቀመጡ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። በእነሱ ቤተ ጸሎት በሰርጉ ቀን የሙሽራውን ሻርፕ ጫፍ ሙሽሪትን የሚያስይዛት አባቷ ነው። "አባቷ ከሌሉ ማን ነው?" ሲሉ፣ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ "አጎቴ ናቸው። እሳቸው ካልመጡ ማንም አያስይዘኝም" አለች።

ከዚያ ስልክ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ አላነሱልኝም፤ ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩት። በሃይማኖቷ ነገር እኔም አልቅሻለሁ፤ አሁንም አንዳንዴ አለቅሳለሁ። ማተቧን ግን አልበጠሰችም፤ እሱም በጥሺ አላላትም። አልመጣም ካሉም ይንገሩኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ። ዝምታ ሰውን ምን እንደሚያደርግ በእኚህ ሽማግሌ አይቻለሁ።

ለቪዛው የመጥሪያ ደብዳቤውን አብሬ ልኬያለሁ፤ የሁላችሁም ስም አለበት። መድኃኔዓለም ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

እህትዎ አዜብ

ሰርጉ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ነው፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሁላችሁም።