እንቅልፍ ያለበት እጅ

ጥቅምት 6

አሥራ አንዱም ልጆች ተኙ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃውን ሳብኩ፤ ሰባት ሳይሞላ ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ። የጉንጮ እግር እንደ ልማዱ ከፍራሹ ወጥቷል። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ "እትዬ፣ እጅሽ እኮ እንቅልፍ አለበት" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጀርባ መታ መታ፣ ትንሽ እንጉርጉሮ... ሌላ ሙያ ባይኖረኝ ልጅ በማዋልና በማስተኛት አልታማም። ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳኋቸውና ወላጆቹ ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፍኩት። የልብ ምልክት ጎረፈልኝ።

ጥቅምት 7

ከልቦቹ ሥር የመንትዮቹ እናት ጽፋለች። ቃል በቃል ልገልብጠው፦ "አሥራ አንድ ሕፃን ባንዴ የሚተኛው በምን ተአምር ነው? የማስተኛ ሽሮፕ እንደምታጠጣቸው ከታማኝ ሰው ሰምቻለሁ። ልጆቻችሁን አውጡ።"

መጀመሪያ ሳቅኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይሄን ነው። ከዚያ ማን ማን እንዳነበበው አየሁ... ሁሉም አንብበዋል። አንድ ሰው እንኳ መልስ አልጻፈም።

ደወልኩላት። "ከማን ሰማሽ?"

"ከሰው ነዋ!" ዘጋችብኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቿን አምሽታ ስትወስድ ስለተናገርኳት ይሆን? ለዚህ?

ጥቅምት 9

ዛሬ ስድስት ልጆች። ጉንጮም የለችም። እህቴ ደውላ "ጉንፋን ይዟታል፣ አማቴ ጋ ትዋል" አለችኝ። ይማራት አልኩ። ድምጿ ግን ልክ አልነበረም።

ጥቅምት 21

ሦስት ልጆች። አሻንጉሊቶቹን አጠብኩ። ትናንትም አጥቤያቸው ነበር። ሱቅ ስገባ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ "እንዴት ነሽ?" አለችኝ፣ የታመመ ሰው እንደምትጠይቅ...

ኅዳር 3

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉታል። ስም ማጥፋት መሆኑ አያጠያይቅም አሉኝ። "በእጇ ጽፋዋለች። እውነት ነው የምትል ከሆነም ማስረዳት የእሷ ፈንታ ነው። ካሳው ግን የሚለካው በደረሰብዎ ጉዳት ነው።"

"ባዶ ፍራሽ አይበቃም?"

"ወላጆቹ በሌላ ምክንያት ነው ያስቀረነው ቢሉስ? ያንን አንብቤ፣ አምኜ ልጄን አወጣሁ የሚል ሰው ያምጡልኝ። አንድ ያመነ ሰው ይበቃኛል።"

ጉድ እኮ ነው። ስሜን ለማዳን በስሜ ላይ የተባለውን ያመነ ሰው ፍለጋ!

ኅዳር 8

አምስት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። መልሳቸው አንድ ነው። "ኧረ በሞትኩት! አንቺን ልጠረጥር?" ታዲያ ልጁን ለምን አስቀራችሁት? "ሩቅ ሆነብን።" ሩቅ? የሚለየን አንድ አጥር ነው! ጉንጬን ስመው ይሸኙኛል።

ለጠበቃው ነገርኳቸው። "ደግ ሰዎች ናቸው" አሉ፤ "ደግነታቸው ግን ይቀብረናል።"

ኅዳር 14

እህቴ መጣች። ከወር በላይ ዓይኗን አላየሁም ነበር። ጉንጮን አላመጣቻትም። በሩ ላይ እንደቆመች "እኔ እመሰክርልሻለሁ" አለች።

"ምን ብለሽ?"

"አምኜ ነበር ብዬ።"

ተጠመጠምኩባት። ለእኔ ብላ በሐሰት ልትምል! "ተይ፣ በልጅሽ አምላክ፣ ኃጢአት አትግቢ" አልኳት።  እጆቿ ግን አላቀፉኝም...

ኅዳር 15

ጉንፋን ስንት ቀን ነው የሚቆየው?

ታኅሣሥ 11

ችሎት ዋልኩ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ አግዳሚ ወንበር። እህቴ ማለች።

ጠበቃዬ "ጽሑፉን ሲያነቡ ምን አደረጉ?" አሏት።

ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት አወጣች። "በማግስቱ ልጄን ሐኪም ቤት ወስጄ ደሟን አስመረመርኩ።"

ጥቅምት 8 ይላል። ከጉንፋኑ አንድ ቀን በፊት። የማስተኛ መድኃኒት አልተገኘም ይላል።

"ደሟ ነጻ መሆኑን ካወቁ ልጅዎን ለምን አልመለሱም?" አሏት ዳኛዋ።

"የዚያን ቀን ባትሰጣትም... ሌላ ቀንስ? ፈራሁ።"

"እህትዎ አይደሉም እንዴ? ለምን አልጠየቋቸውም?"

"ብጠይቃት አላደረግኩም ነው የምትለኝ። ልጄ ናት፣ ክብርት ዳኛ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።" ይሄን ስትል አላየችኝም።

ጠበቃዬ በብዕራቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። አሸነፍን ማለታቸው ነው። አንዷ ወረቀት ሁለቱንም አስረዳችልን፤ ሽሮፕ እንዳልሰጠሁም፣ ሰው እንዳመነብኝም። የመንትዮቹ እናት አቀረቀረች። እኔም አቀረቀርኩ።

ጥር 2

ተፈረደልኝ። የመንትዮቹ እናት እዚያው ቡድን ላይ ታስተባብል፤ ለቀሩብኝ ልጆች ካሳ ትክፈለኝ፤ ለሞራልም ጥቂት። ዳኛዋ "የገዛ እህቷን እንኳ እስከማሳመን የደረሰ" ብለው አነበቡ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

ደጅ ላይ እህቴ እጄን ያዘችኝ። "ይቅር በይኝ፣ እትዬ።"

"ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ" አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አልወጣኝም። ተናድጃለሁ! እናታችን ሥራ ስትውል እሷን በዚችው እጄ አስተኝቼ ነው ያሳደግኳት። እሷ ካመነች የጎረቤት "ኧረ በሞትኩት" ምኑ ነው የሚታመን?

ጥር 19

ዛሬ አሥር ልጆች። መንትዮቹ አይመጡም፤ በቦታቸው አንድ አዲስ ልጅ አለ። ጉንጮም ዛሬ መጣች። እህቴ ጫማዋን እያወለቀችላት "ሰባት ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ እወስዳታለሁ" አለች።

"ለምን? ማታ አትወስጂያትም?"

"ለዛሬ ብቻ።"

ፎቶ የለም። መጋረጃም አልሳብኩም፤ ደጅ የሚያልፍ ሁሉ ይይ ብዬ። ልጆቹ ተገላበጡ፣ ተነጫነጩ። ጉንጮ ፍራሿን ትታ ጉልበቴ ላይ ወጣች። እጄ ሳላዘው ጀርባዋን መታ መታ አደረገ... እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት። እግሯ እንደ ልማዱ ተንጠለጠለ። ናፍቃኝ ነበር።

ሰዓቱን አየሁ። ለሰባት አሥር ጉዳይ። ደረጃው ላይ የእህቴ ጫማ ተሰማኝ።

ጉንጮን ቀሰቀስኳት። እያለቀሰች ነው በሩን የከፈትኩት።